ጂሙ ከበርዎ ስንት ደቂቃ ነው?

ሐዋሳ ውስጥ «ስፖርት ልጀምር ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ሐይቅ ዳር ውረድ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ፒያሳ ለሚኖር፣ ከገብርኤል አደባባይ በእግሩ ለሚወርድ ሰው ጧት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ከተማዋ ከሐይቁ እየራቀች መሄዷ ነው። ቦታ አግኝቶ ቤት የሠራው፣ ኪራይ ቀለል ይለኛል ብሎ የወጣው፣ አዲስ ትዳር የመሠረተው ሁሉ ዛሬ የሚኖረው ሎቄ፣ ዳቶ፣ ጥቁር ውሃ፣ ከሪፈራል ሆስፒታል ወዲያ ወይም በቱላ መንገድ ላይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሐይቅ ዳር መውረድ ማለት ባጃጅ እየቀያየሩ መሄድ ማለት ነው።

ይህ ማብራሪያ ዳር ሰፈር ለሚኖሩት ነው። ጂም ሲፈልጉ ማሽኑን ከማየትዎ በፊት ርቀቱን ይለኩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በዚህ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ የሚሠሩት፣ ግን ልዝፈን ቢሉ ትንፋሽ የሚያጥርበት ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ምሳሌ ነው። ዝቅተኛው 150 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። አሁን ቱላ የሚኖርና መሐል ከተማ ጂም የተመዘገበ ሰው እናስብ። ባጃጅ መጠበቁ፣ መጫኑ፣ መውረዱ ተደማምሮ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት፣ በሳምንት 3 ቀን ሲመላለስ 4 ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ይጓዛል። አንዲት ላብ ሳትወጣው ከተመከረው የእንቅስቃሴ ጊዜ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው?

የመጀመሪያው ወር በወረት ያልፋል። በሁለተኛው ወር ዝናብ ይመጣል፣ እንግዳ ይመጣል፣ የባጃጅ ሒሳብ መክበድ ይጀምራል። ሦስተኛው ላይ የጂም ካርዱ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

በእኔ እምነት ጂሙ ከቤት በእግር ከ15 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ይህ በተራ እርምጃ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው። ይህን ልክ ሲመርጡ መንገዱ ራሱ ስፖርት ይሆንልዎታል፤ ፈጠን ብለው ከተራመዱ በቀን ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ፣ በ3 ቀን 90 ደቂቃ ነው። ገና ብረት ሳይነኩ ከ150ው ከግማሽ በላይ ሄዷል።

እንግዲህ በዚህ የ15 ደቂቃ ክብ ውስጥ ጂም መኖሩ በምን ይታወቃል? የሰፈር ጂም ትልቅ ታፔላ አይሰቅልም። አንዳንዱ ከመድኃኒት ቤት ወይም ከካፌ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ተመትቶለት የተከፈተ ነው። በስልክ ካርታ መፈለግ አይከፋም፤ ግን የተዘጋውን ክፍት፣ የተከፈተውን የለም ሊልዎት ስለሚችል ብዙ አይመኑት። ከእሱ ይልቅ ፀጉር ቤት ይግቡና ይጠይቁ። ፀጉር አስተካካይ የሰፈሩን ወጠምሻ ሁሉ ያውቃል፤ ማን የት ብረት እንደሚገፋም ይነግርዎታል። ባጃጅ ተራ ላይ የቆሙትን ሾፌሮች ቢጠይቁም ያው ነው። ሁለቱም ካልተገኙ ጧት በ12 ሰዓት ወይም ማታ በ12 ሰዓት ሰፈሩን አንድ ዙር ይዙሩ፤ ጂም በሙዚቃው ይታወቃል።

ካገኙት በኋላ ሊሠሩበት ባሰቡት ሰዓት ይግቡና ይዩት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባዶና ሰፊ የሚመስል ክፍል ምሽት 1 ሰዓት ላይ አንድ ቤንች ለስድስት ሰው የሚዳረስበት ሊሆን ይችላል። ጣሪያውን ያንጋጡ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ውሃ መኖሩን በአፍ ከመጠየቅ ቧንቧውን ራስዎ ከፍተው ይሞክሩ።

መብራት ሌላው ነገር ነው። መሮጫ ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ብረት አይቆምም። ዳር ሰፈር ያለ ጂም መሮጫ ማሽን ስላለው ብቻ ዋጋ ቢጨምርብዎ አይክፈሉ። መንገዱ ደጅዎ ላይ ነው፤ ለመሮጥ መከፈል የለበትም። ጂም ቤት የሚከፈልበት ዋናው ነገር ቤትዎ ውስጥ የሌለው ክብደትና ክብደቱን የሚያሳይዎ ሰው ነው።

ስለ ክብደቱ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ቦታ ከውጭ የመጣ ብረት ሳይሆን የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶና በጠጠር ተሞልቶ በቧንቧ ብረት የተያያዘ ሊያገኙ ይችላሉ። በዚህ አይናቁት። የ4 ሊትር ቆርቆሮ በኮንክሪት ሲሞላ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጡንቻ ደግሞ የክብደቱን ፋብሪካ አይጠይቅም። የሚታየው ነገር የሁለቱ ጫፍ እኩልነትና ማያያዣው አለመላወሱ ነው። አንዱ ወገን ከበድ ካለ ወገብና ትከሻ ይጎዳል።

አሰልጣኙን በመጀመሪያው ቀን መለየት ይቻላል። «ግፊት አለብህ? ወገብሽን አሞሽ ያውቃል? የተሰበረ ቦታ አለ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ማሟሟቂያ አሠርቶ በቀላል ከጀመረ፣ ያ አሰልጣኝ ነው። ደረቱን ነፍቶ ገና በመጀመሪያው ቀን ከአቅምዎ በላይ ከጫነብዎ፣ ምስጋና አቅርበው ይውጡ። ከባድ ነገር ሲያነሱ ትንፋሽዎን አምቀው እንዳይዙ የሚነግርዎ ከሆነም ጥሩ ምልክት ነው፤ ትንፋሽ አምቆ መግፋት የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይሰደዋል።

ክፍያው በቀን፣ በወር፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር ነው፤ አንዳንዱ የመመዝገቢያም ይጠይቃል። የረጅሙ ጊዜ ቅናሽ ያጓጓል። እኔም አንድ ጊዜ ጓጉቼ የ6 ወር በአንድ ጊዜ ከፈልኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ጧት ፎጣዬን አንጠልጥዬ ስደርስ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ዕቃውን ሌሊት አውጥቷል አሉ፤ ስልኩም አይሠራም። ደረሰኝ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ስሜ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካርቶን ነው። የጂሙን ስም መጥራት አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ወር በላይ ከፍዬ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋን ሳምንት ደግሞ በቀን ሒሳብ እከፍላለሁ።

ትልልቆቹ ሆቴሎችስ? አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2002 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር የከፈተው ኃይሌ ሪዞርት ጂምም መዋኛ ገንዳም አለው፤ ሌሎችም ሆቴሎች ይህን ያቀርባሉ። ያማሩ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ጄኔሬተር አላቸው። ለዳር ሰፈር ሰው ግን የዕለት ተዕለት ጂም አይሆኑም፤ በርቀቱም በዋጋውም። በወር አንድ እሑድ ልጆችን ይዞ ለዋና መሄድ ከተቻለ ጥሩ ነው። ዋና ለመልመድ ብሎ ሐይቁ ውስጥ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለበት፤ ቢልሃርዚያም አለበት። ልጆቹ ሲንቦጫረቁ ስላየን ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

መንገዱ ደጅዎ ላይ ነው ብያለሁና፣ የመንገዱንም እውነት ልናገር። የዳር ሰፈር መንገድ ወይ ኮብልስቶን ነው፣ ወይ አፈር ነው። ኮብልስቶን ላይ መሮጥ ለቁርጭምጭሚት አይመችም፤ እዚያ ላይ ይራመዱ፣ መሮጡን ለአስፋልት ጠርዝ ወይም ለሜዳ ይተዉት። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አለ። ከሁሉ በላይ ግን ውሻ አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻውን የሚሮጥ ሰው የሰፈር ውሻ ሁሉ ጠላት ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ይውጡ፤ ውሻው ከቀረበ ሩጫውን ያቁሙና ቀስ ብለው እያዩት ይለፉ። ከነከሰዎ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡና የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ይሂዱ። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የንጋት ሰዓቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ብርሃኑ አስተማማኝ ነው። ማታ ሐይቁ አጠገብ የሚሠሩ ደግሞ የወባ ትንኝን አይርሱ፤ ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

ዳገት የሚወዱ ሁለት ተራራ አላቸው። ሐይቁ ዳር ያለው ታቦር የታወቀው ነው፤ ከላይ ሆነው ሐይቁንና ከተማውን አንድ ላይ ያዩበታል። በደቡብ በኩል፣ ከሪፈራል ወዲያ ላለው ሰፈር ግን አላሙራ ይቀርባል። ዳገት መውጣት ልብንም እግርንም በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ጉልበት የሚያመው ሰው የሚጠነቀቀው ቁልቁለቱን ነው። ብስክሌትም አለ። ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች በመሆኗ ከድሮ ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ባጃጁ ሲበዛ ብስክሌቱ ወደ ጥግ ተገፋ እንጂ መንገዱ ያው ሜዳ ነው። ሥራዎ መሐል ከተማ ከሆነና ብስክሌት ካለዎት፣ የጂምና የባጃጅ ሒሳብ በአንድ ምት ሊቀንስ ይችላል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው፣ መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለስፖርት የሚለቀው የ«መንገድ ለሰው» ዝግጅት ብዙ ሰው አስፋልት ላይ ስፖርት መሥራትን እንዳያፍርበት ረድቷል። ሐዋሳ ላይ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚያዘጋጀው ግማሽ ማራቶንም አለ፤ 21 ኪሎ ሜትሩ ከከበደዎ ቀኑን ለልምምድዎ እንደ ቀጠሮ ይያዙት።

አንዳንዱ ሰፈር ጂምም የለው፣ ሜዳም የለው። ያኔ ቤት ውስጥ ይጀመራል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ሲሞላ 10 ኪሎ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በውሃ 2 ኪሎ፣ በደረቅ አሸዋ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጀሪካን ይዞ ወንበር ላይ እየተቀመጡ መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ መጀመርና እየቆዩ ወደ መሬት መውረድ፣ ሃይላንዱን ከትከሻ በላይ መግፋት፤ ይህን በሳምንት 2 ቀን የሚሠራ ሰው የመመሪያውን የጡንቻ ክፍል አሟልቷል። ይህ ለወጣት ብቻ የተጻፈ አይምሰልዎ። ከ30 ዓመት በኋላ ሰው ካልሠራበት በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻውን ያጣል። እናቶቻችን በስተርጅና ከመደብ ለመነሣት እጅ የሚፈልጉት በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ሴቶች ጂም ሲፈልጉ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ጨለማ ላይ መሄድና መመለስ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ካሉ ሃያ ወንዶች ጋር መሥራት፣ ልብስ መቀየሪያ አለመኖር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ስፌት ማሽን ላይ አጎንብሳ ለምትውል ልጅ የሚያስፈልጋት ደረት ማስፋት ሳይሆን ጀርባን ማቃናትና እግርን ማንቀሳቀስ ነው። እኅቴ፣ ብቻሽን ሄደሽ «የሴቶች ሰዓት አላችሁ?» ብትዪ «የለም» ሊሉሽ ይችላሉ። አምስት ሆናችሁ የወር ክፍያ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ባለቤቱ ሰዓት ይፈልግላችኋል። ለሰፈር ጂም ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ኪራዩ ግን ባዶ ሰዓት አያውቅም። ኤሮቢክስም በዚህ መንገድ ይጀመራል። ቴኳንዶ የሚያስተምሩ ክለቦችም በትምህርት ቤት ግቢና በወጣት ማዕከላት ውስጥ ይገኛሉ፤ ልጅዎን የሚያደርሱ ወላጅ ከሆኑ፣ እስኪጨርስ አግዳሚ ላይ ከመቀመጥ ግቢውን ይዙሩ።

ጂም የገባ ሰው ሳይውል ሳያድር «ፕሮቲን ግዛ» ይባላል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ዱቄት አንድ መስፈሪያው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ ዓሣ 100 ግራም ሥጋው 20 ግራም ገደማ አለው። ልዩነቱ የዋጋ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በጾምም ይሠራሉ። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዓሣ፣ ከአይብ ወይም ከባቄላ ጋር ይብሉት። ስም የሌለው ክኒን ወይም መርፌ «ቶሎ ያሳብጣል» ብሎ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ፣ አሰልጣኝም ቢሆን፣ ጂም ይቀይሩ። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በጤና ጣቢያ ግፊትን መለካት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል።

እኔ ከሁሉ የማደላው ግን ለሜዳው ነው። ሐዋሳ የኳስ ከተማ ናት። የእግር ኳስ ክለቡ ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ጎል ያገባው አዳነ ግርማም፣ የቡድን ጓደኛው ሽመልስ በቀለም የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የስፖርት ፖሊሲም ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት ቦታ ስፖርት እንዲሠራ ይላል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ሐሳብ በተግባር የሚታየው በጂም ሳይሆን በየሰፈሩ ባሉት የጤና ቡድኖች ነው። እነዚህ ቅዳሜና እሑድ ጧት ሜዳ ላይ ተሰብስበው ሮጠው፣ ተሟሙቀው ኳስ የሚጫወቱት ጎልማሶች ናቸው። መምህሩ አለ፣ ባንክ ሠራተኛው አለ፣ ባለ ሱቁ አለ፣ ቦርጩን አስቀድሞ የሚገባም አለ።

ጤና ቡድን ጂም የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ከቀሩ ጂሙ አይደውልልዎትም፤ እንዲያውም ቦታ ይሰፋለታል። ጤና ቡድን ግን ይደውላል። አንዳንዱ ያረፈደን በገንዘብ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ተጠራቅሞ ለውሃና ለኳስ መግዣ ይውላል። አባል ሲታመም ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። በአጭሩ ቱታ የለበሰ ዕድር ነው። የወር መዋጮው እንደየቡድኑ ይለያያል። ለመግባት ፎርም አይሞላም፤ ማለዳ ሜዳው ዳር ቆሞ «ሰው ትቀበላላችሁ?» ማለት ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ዘጠና ደቂቃ ልጫወት አይበሉ፤ ማሟሟቂያውን ከሁሉ ጋር ይሥሩ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ገብተው ይውጡ። ጡንቻ የሚሸመቀቀውና ጅማት የሚበጠሰው በመጀመሪያው ሳምንት በሚመጣ የልጅነት ትዝታ ነው። መሮጥ ካልቻሉም አይፈሩ፤ ጤና ቡድን ሁልጊዜ በረኛ ይጎድለዋል።